ባለማስተካከያ ሞላና አሞርዛተር በቤት መኪና ላይ፦ ከባሕር ዳር የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረተች ቶዮታ ያሪስ ላይ ስለተገጠመ ባለማስተካከያ የሞላና የአሞርዛተር ስብስብ (የመኪናዋ ከፍታና የአሞርዛተሩ ጥብቀት የሚስተካከልበት)፣ እንዲሁም ሥራውን ስላከናወነው የባሕር ዳር ጋራዥ ነው። መኪናዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ገበያ የምትመላለስ ተራ የቤት መኪና ናት፤ እሑድ ጠዋት ግን ከጥቂት ወዳጆች ጋር በባለቤቱ ፈቃድ በምንጠቀምበት የታጠረ የአስፋልት ግቢ ውስጥ፣ በተደረደሩ ኮኖች መካከል በፍጥነት ትጠማዘዛለች። ከተማችን ቋሚ የመኪና መወዳደሪያ መም የላትም፤ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በሚተላለፍበት ጎዳና ላይ እንዲህ ያለውን መሞከር ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖና አሻሽሎ መያዝ የብዙዎቻችን ምርጫ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ስለተወደደ፣ እንዲህ ያለ ወጪ በቅጡ ሊታሰብበት ይገባል። እኔ በከፈልሁት ገንዘብ ለአራቱም እግር የፋብሪካውን ዓይነት አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ፣ በተረፈው ጥሩ ጎማ መጨመር ይቻል ነበር። ስለዚህ ስብስቡን የመዘንሁት ከዚህ አማራጭ ምን ያህል ይበልጣል በሚል ነው።

የፊት ሞላዎቹ ጥንካሬ በሚሊሜትር 5 ኪሎ ነው፤ ይህም ሞላው በ1 ሚሊሜትር እንዲያጥር 5 ኪሎ ይጫንበታል ማለት ሲሆን፣ ከፋብሪካው ሞላ በእጅጉ ይጠነክራል። ልዩነቱ ገና በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይታወቃል፦ መኪናዋ ወደ ጎን የምታጋድለው ቀንሷል፣ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫዋ እንደ ቀድሞው አይደፋም። ይሁን እንጂ ምስጋናው በአብዛኛው የአሞርዛተሩ ነው። ሞላ የተጫነበትን ኃይል አጠራቅሞ መልሶ ይለቃል፤ አለቃቀቁን የሚገራው አሞርዛተር ደካማ ከሆነ፣ ጠንካራ ሞላ መኪናዋን ከማንጠርና ጎማዋን ከአስፋልቱ ከማላቀቅ በቀር ፋይዳ የለውም። በአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለችው ባለ 16 ደረጃ ማስተካከያ በጣት ስትዞር ጠቅ እያለች ትቆጠራለች፤ የአንድ ጠቅታ ለውጥ አይለይም፣ የአራት ጠቅታ ግን በመሪው ላይ በግልጽ ይሰማል። ሻጮቹ ለመም መንዳት ሙሉ በሙሉ አጥብቁ ይላሉ፤ በእኛ ግቢ አስፋልት ላይ ግን እንዲህ ሲደረግ የኋላው ውስጠኛ ጎማ በኩርባ መካከል ይዘላል። ከጥብቁ ጫፍ አምስት ጠቅታ ለቀቅ ሲል ይሻላል።

ስብስቡን የሚገዙ ሰዎች አብዛኞቹ የሚገዙት መኪናቸውን ዝቅ ለማድረግ ነው፤ ማስታወቂያዎቹም ጎማቸው በፓራፋንጋቸው ውስጥ በተቀበረ መኪኖች ፎቶ የተሞሉ ናቸው። በዚህ ነጥብ ላይ ከሻጮቹ ጋር አልስማማም። ያሪስ ከፊት የማክፈርሰን ዓይነት ሰስፔንሽን፣ ማለትም ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ ተጣምረው ጎማውን ከላይ የሚይዙበት አሠራር፣ ያላት ስትሆን፣ ጎማዋን ከታች የሚይዘው ብራቾ በፋብሪካው ከፍታ ላይ በጎማው በኩል ያለው ጫፉ ዝቅ ያለ ነው። መኪናዋ ከልክ በላይ ስታጥር ብራቾው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይቀናና፣ መኪናዋ ስታጋድል የምትዞርበት ምናባዊ ነጥብ ከክብደቷ ማዕከል ይልቅ አብልጦ ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ክብደቷ እርሷን ለማጋደል የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራልና፣ ለዓይን የውድድር መኪና የመሰለችው ያጠረች ያሪስ በኩርባ ላይ ከቀድሞው የባሰ ልታጋድል ትችላለች። ከዚህም ሌላ አሞርዛተሩ የሚሄድበት ርቀት ስለሚያጥር፣ እንቅስቃሴውን በሚገታው የጎማ ማቆሚያ ላይ ቶሎ ያርፋል፤ በዚያች ቅጽበት የፊት ጎማ ድንገት ይንሸራተታል። እኔ ከፋብሪካው ከፍታ 2 ሴንቲሜትር ብቻ አስቀንሻለሁ። የከተማችንን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ የሚፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ጋራዡ የሚገኘው ከዓባይ ማዶ ሲሆን የስም ሰሌዳ እንኳ የለውም። ዋና መካኒኩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ እንዲህ ያለ ስብስብ ብዙ ጊዜ ባይገጥማቸውም ሥራቸው የተጠነቀቀ ነው። የአሞርዛተሩን ዘንግ በፒንሳ ይዞ የላይኛውን ዳዶ ማጥበቅ የተለመደ ቢሆንም፣ እርሳቸው ረዳታቸውን ከልክለው ለዘንጉ ጫፍ የተሠራውን ቁልፍ አስፈልገዋል፤ የተጫረ ዘንግ በአሞርዛተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ቆርጦ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲያፈስ ያደርጋልና። በብራቾው ጎሚኒ፣ ማለትም በመጋጠሚያው ውስጥ ባለው የጎማ ትራስ፣ የሚያልፈውን ቡሎን ደግሞ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በአራት ጎማዋ እስክትቆም ድረስ አላጠበቁትም። «ጎሚኒው ተንጠልጥሎ ከታሰረ ዕድሜ ልኩን እንደተጠመዘዘ ይኖራል» አሉኝ። ውድ ዕቃ ገዝተው በስድስት ወር ውስጥ ጎሚኒ የሚቀይሩ ሰዎች ይህቺን አንዲት ነገር ለመካኒካቸው ቢነግሩ ከብዙ ወጪ ይድናሉ።

ጋራዡ የአላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዘንበልታ መለኪያ) ማሽን ስለሌለው መኪናዋን ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ግድ ሆኗል፤ ቅሬታዬም በዚያ ላይ ነው። ባለሙያው የፊት ጎማዎቹን ትይዩነት ብቻ አስተካክሎ ሒሳብ ጠየቀ፤ የጎማውን የላይ ዘንበልታ፣ ማለትም ካምበሩን፣ የለካልኝ ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ለኩርባ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ 2 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይጠቅማል፤ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ስለሚበላ፣ 1 ዲግሪ ተኩል ላይ አስቁሜዋለሁ። የኋላው እግር አንድ ወጥ አግዳሚ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም።

ስለ ምቾት ብዙ የሚባል የለም። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ መጋጠሚያዎች ላይ አጭርና ደረቅ ምት ይሰማል፣ ግን አይደጋገምም። ኮብልስቶን ላይ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ለስላሳ ጫፍ ማላላት ያስፈልጋል። ወደ ዘጌ በሚወስደው ኮረኮንች ግን፣ ምንም ያህል ቢላላ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ማማረሩ አይቀርም፤ ባለቤቴ ለዚያ መንገድ ታክሲ እንድንይዝ ጠይቃለች።

ትልቁ ጉድለት በከፍታ ማስተካከያው ጥርስ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና ጭቃ በጥርሱ መካከል ገብቶ ይደርቃል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለበቱ በቁልፍ አልላወስ ብሎ በብሩሽና በዘይት ብዙ ከተለፋበት በኋላ ነው የዞረ። ከስብስቡ ጋር መሸፈኛ አልመጣም፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ሽፋን ግን ሥራውን ይሠራል። ዋስትናው ዘይት ማፍሰስን ብቻ የሚሸፍን ሲሆን፣ ዕቃውን ወደ ውጭ መልሶ የመላኪያው ወጪ የገዢው ነው።

ጎማው ያለቀ ወይም ጎሚኒው የላላ መኪና ያለው ሰው ይህን ስብስብ ከመግዛቱ በፊት ለእነዚያ ያውጣ። እነዚያ የተሟሉለትና በየሳምንቱ የሚነዳበት ዝግ ሥፍራ ያለው ሰው ቢገዛው ገንዘቡን አላባከነም፤ በዓመት አንዴ ብቻ ለሚሞክር ግን የፋብሪካው ዓይነት አዲስ አሞርዛተር ይበቃዋል።