ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፦ ከሎጁ በፊት የለማ ጉያ ሥዕል ቤት

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር መዋል ላማረው ሰው ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። አብዛኛው ጎብኚ ግን በቀጥታ ሎጅ ይገባል፤ ዓሣ በልቶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። የከተማዋን ምርጥ ነገር ሳያይ ነው የሄደው ማለት ይቻላል።

ሠዓሊ ለማ ጉያ (1928–2020 እ.ኤ.አ.) በአየር ኃይል ያገለገሉ፣ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል ስማቸው የናኘ ሰው ናቸው። ሙዚየማቸውን ያቋቋሙትም እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ለባጃጅ ሾፌር «ለማ ጉያ ጋለሪ» ማለት ይበቃል። ጠዋት ይግቡ፤ ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ብርሃን ከጎን ሲያገኘው ነው መልኩን የሚያወጣው። ፊት ለፊት ከመቆም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ይመልከቱ፦ የጸጉሩ ቀዳዳዎችና የጀርባው አጥንት መስመር ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላሉ። ሸራ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ቢመድቡ አይበዛም።

የቆዳ ሥዕል ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጦ ይይ። ቢጫ የቅባት ነጠብጣብ ካለ ስቡ በደንብ አልተፋቀም፤ ቀለሙ ውሎ አድሮ እየተላጠ ይነሳል። ጠርዙ ከተጨማደደ ሲደርቅ ውጥረቱ እኩል አልነበረም። ሽታው ከከበደም ይተውት። ቆዳ በክረምት እርጥበት ስቦ ይላላል፣ በበጋ ደርቆ ይወጠራል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ሙጫ አድርጎ ከእንጨት ጋር ማጣበቅ መሰንጠቂያው ነው። በክር ተወጥሮ ትንሽ መላወሻ ሲተውለት ይቆያል። ወደ ቤት ሲወስዱት አያጥፉት፤ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርገው በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳና ከምድጃ አጠገብም ያርቁት።

የሐይቁ አፋፍ የስደት ትዝታም አለበት። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ በስደት የኖሩበት ቤት ፌርፊልድ ይባል ነበር፤ በኋላ በቢሾፍቱ የነበራቸው ቤተ መንግሥትም በዚያው ስም ተጠራ። የባዙን ቤት በ1958 እ.ኤ.አ. ለከተማው አረጋውያን ሰጡት። የስደት ቤትን ስም አገር ቤት አምጥቶ ሐይቅ ዳር መትከል ትልቅ ነገር ነው፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ውኃውን የሚያይ ሰው ይህን ቢያውቅ ዕይታው ይለወጣል።

ወደ ውኃው ሲወርዱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ሆራ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው፦ የመጀመሪያው 87፣ ሁለተኛው 65፣ ሦስተኛው 38 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ። እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚወርድ ዳር የላቸውም፤ ጥቂት እርምጃ እንደገቡ እግር መሬት ያጣል። ዋና የማይችል ልጅ ከዳር አይልቀቅ። በኅዳርና በጥር መካከል ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላዩ ውኃ ከብዶ ይሰምጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ከላዩ ጋር ሲደባለቅ ዓሣ ሞቶ ሊንሳፈፍና ሽታ ሊነሳ ይችላል። በዚያ ሰሞን ከዳር የተለቀመ ዓሣ አይግዙ።

ትልቁ ቅሬታችን የሐይቁ ዳር መዘጋቱ ነው። አብዛኛው ክፍል በሎጅ አጥር ስለተያዘ ሳይከፍሉ ውኃ ዳር ቁጭ የሚሉበት ቦታ ጥቂት ነው። ከመግባትዎ በፊት መግቢያው ከምግቡ ይታሰብ እንደሆነ በር ላይ ይጠይቁ። በአየር ኃይሉ ግቢ አካባቢ ካሜራ አያውጡ።

በመኪና ከሆነ ፈጣን መንገዱ ከአሮጌው የዱከም መንገድ ይሻላል፤ አሮጌው እሑድ ማታ ይጨናነቃል። በታክሲ የሚሄድ ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ ያገኛል። ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ በሚከበርበት፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ሥዕል ቤት ብሎ መሄድ አይመከርም፤ መንገዱ በሰው ይሞላል። በሌላው ቀን ግን ለመመለስ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ቢሾፍቱ መናኸሪያ ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋው ይረዝማል።