በአንድ ጆሮ የምሰማው መጽሐፍ ቅዱስ

እናቴን ስትሮክ ከመታት 8 ወር ሆነ። ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊቱን በየ2 ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። በመሀል ጋደም ብልም እንቅልፍ የለም። መብራት አብርቼ እንዳላነብ እሷን እቀሰቅሳታለሁ። ስለዚህ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ስልኬ ላይ ጫንኩ። እንደኔ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያስታምም ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ልንገራችሁ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር ፈለግኩ። እኔ ከልጅነቴ የማውቀው 22 ብዬ ነው። የግዕዙ ዳዊት እንደ ግሪኩ ነው የሚቆጥረው። አፑ ግን የዕብራይስጡን ቁጥር ይከተላል፤ በዚያ አቆጣጠር እረኛዬ 23 ነው። 22ን ስነካ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ክው አልኩ። ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር፤ ግን አልነካሁትም። ዳዊት ቀን እጣራለሁ፣ አትመልስልኝም ይላል። ሌሊትም እንደዚያው። ኃይሌ እንደ ገል ደረቀ ይላል። እኔ ስንት ሌሊት በልቤ ያልኩት፣ ለአምላክ መናገር ግን ድፍረት የመሰለኝ ነገር ነው። ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸው በዚሁ ቃል እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ። ማወቅና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መስማት ግን ይለያያል። ያን ሌሊት ከወራት በኋላ በደንብ ጸለይኩ።

ወደ አፑ ልመለስ። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በተባለው ሰዓት ራሱን ያጠፋል። አንባቢው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሐዘኑን በድምፁ አያጋንነውም። ደስ የሚለኝ ደግሞ አንዱን ምዕራፍ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ራሱ መሄዱ ነው። እጄ ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ መነካካት አልችልም።

የኤልያስን ታሪክ የሰማሁት እንደዚህ አንሶላ እየቀየርኩ ነው። ነቢዩ በረሃ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ ይላል። መልአኩ አልተቆጣውም። ቀስቅሶ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። ይህን ስሰማ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ትዝ አለኝ። ሄጄ በላሁ። በማግስቱ ወንድሜን ደውዬ በሳምንት ሁለት ሌሊት አንተ እደር አልኩት። እሺ አለ።

ጉድለትም አለው። ከንባቡ ሥር ሙዚቃ አለ፤ ማጥፊያ ግን የለውም። የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የማደርገው፤ ሌላኛው የእማዬን ትንፋሽ ይጠብቃል። ሙዚቃው ከፍ ሲል ትንፋሿ ይጠፋኛል፤ ይህን ቢያስተካክሉት ውለታቸውን አልረሳም።

ከሁሉ የከፋኝ በየጠዋቱ የሚልከው ጥቅስ ነው። አንድ ቀን ከኤርምያስ 29 ቁጥር 11ን ላከልኝ፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን። ቆንጆ ነው። ግን ቁጥር 10 የት ሄደ? እዚያ ላይ እኮ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ይላቸዋል፤ ቶሎ አትመለሱምና። እናቱን ለሚያስታምም ሰው ተስፋውን ከ70 ዓመቱ ነጥለህ ስትልክለት በሳምንቱ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ምዕራፉን ሙሉውን ስሰማው ነው የበረታሁት። የጠዋቱን ጥቅስ አጠፋሁት፤ እናንተም አጥፉት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ቁጥሩን ለምጄዋለሁ፤ እረኛዬን ስፈልግ 23 እላለሁ። ሌሊቱ ሲከብደኝ ግን አውቄ 22ን እነካለሁ። እማዬን አገላብጬ ትራሷን እስካስተካክል እሱ ያልቃል፤ 23 ራሱ ይቀጥላል።