እናቴን ወደ ዱካዋ ለመለሰልን ባለሙያ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው የካቲት ቀኝ ጉልበቷ በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተከለላት። ሁሉም በሰላም ተጠናቀቀ፤ በማግስቱ መራመጃዋን ይዛ የሆስፒታሉን ኮሪደር እስከ ጥግ ደርሳ ተመለሰች፤ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ» ብለን ለዘመድ ሁሉ ደወልን። አላለቀም ነበር። የአዲስ ጉልበት ግማሹ ሥራ የሐኪሙ ሲሆን ሌላው ግማሽ የፊዚካል ቴራፒስቱ ነው፤ አገር ቤት ፊዚዮቴራፒ የምንለው ማለት ነው። ያንን ሁለተኛውን ግማሽ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ለሠራልን ሰው ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ ፈልጌአለሁ። እግረ መንገዴንም እርሱን ከማግኘታችን በፊት ያባከንናቸውን ሦስት ሳምንታት እናገራለሁ።

የመጀመሪያውን ክሊኒክ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም ለቤታችን ቅርብ መሆኑ ብቻ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ክፍሉ ንጹሕ፣ መሣሪያው ብዙ፣ አቀባበሉም ፈገግታ የሞላው ነው። እናቴ ትገባለች፤ ጉልበቷ ላይ ትኩስ ከረጢት ይደረግላታል፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጡ ሽቦዎች ይለጠፉባታል፤ ከዚያ ብስክሌት ላይ ትወጣለች። በዚያው ሰዓት ሌሎች ሦስት ሰዎች እንዲሁ ከአልጋ ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ አልጋ ይዘዋወራሉ። ቴራፒስቷ በመጀመሪያው ቀን ከመረመረቻት በኋላ ከሩቅ እጇን ስታውለበልብ ነው የምናያት። እናቴን የሚያሠራት አንድ ትሑት ወጣት ነበር። «ዶክተር» እያልን ስንጠራው ሰነበትን። አንድ ቀን የት እንደተማረ ብጠይቀው እየሳቀ «እኔ ገና ኮሌጅ ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሠራ። ግን እኔ የእናቴን ጉልበት ለማን እንደሰጠሁ ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ማለፉ አሳፈረኝ።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ማን ምን እንደሆነ አጣራሁ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ፊዚካል ቴራፒስት ለመሆን የሚማር ሰው በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የዶክትሬት ትምህርት ይከታተላል። ከዚያ በመላ አገሪቱ አንድ የሆነውን የፈቃድ ፈተና ያልፋል፤ ፈቃዱን ደግሞ የሚሰጠው የሚሠራበት ግዛት ነው። ቀደም ባለው ዘመን በመጀመሪያ ዲግሪ ወይም በማስተርስ ተመርቀው ፈቃድ ያወጡ ነባር ባለሙያዎችም አሉ፤ ስለዚህ ከስሙ ኋላ የዶክትሬቱን ማዕረግ የሚያሳዩትን «ዲፒቲ» የሚሉትን ፊደላት ስላላያችሁ ብቻ ከአንጋፋ ባለሙያ አትሽሹ። ከቴራፒስቱ ቀጥሎ ያለው «ፒቲኤ» የሚባለው ረዳት ነው። እርሱም ሁለት ዓመት ገደማ ተምሮ፣ የራሱን ብሔራዊ ፈተና አልፎ፣ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ነው፤ ምርመራውንና የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ግን ቴራፒስቱ ብቻ ነው። ሦስተኛው «ኤይድ» ወይም «ቴክ» የሚሉት፣ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ነው፤ አልጋ ያጸዳል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ቁጥር ይቆጥራል። የእኛ «ዶክተር» ይኸኛው ነበር።

ሦስቱም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ሲታዩ መለየት ይከብዳል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ግዛቱ የፊዚካል ቴራፒ ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ አለው፤ በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የባለሙያውን ስም ስትጽፉ ፈቃዱ የጸና መሆን አለመሆኑ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መኪና ስንገዛ ስንት ቀን እናጣራለን!

እናቴ በበኩሏ «ወጌሻ ይሻለኝ ነበር» ባይ ናት። እግር ኳስ የሚያስተላልፉ ጋዜጠኞቻችን ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ ወጌሻ ስለሚሉት ሁለቱ ሙያዎች አንድ ይመስሏታል። አልተከራከርኳትም፤ ሌላ ክሊኒክ ፍለጋ ገባሁ።

አሁን ወደማመሰግነው ሰው ልምጣ። ትውልዱ ፊሊፒንስ ነው፤ ትምህርቱንም እዚያው ነው የተማረው። በውጭ አገር የተማረ ቴራፒስት እዚህ ለመሥራት ዲግሪው ከአሜሪካው ትምህርት ጋር መመጣጠኑ ተመዝኖ፣ የጎደለው ካለ አሟልቶ፣ ያንኑ ብሔራዊ ፈተና መቀመጥ አለበት። ይህን የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው፤ አገር ቤት ተምረው እዚህ በሌላ ሥራ የሚደክሙ ወገኖቻችንን እያሰብኩ በጥሞና ሰማሁት።

በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከእናቴ ጋር ብቻ ቆየ። እኔ ለማስተርጎም ስዘጋጅ በትሕትና አስቆመኝና በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባ፤ ክፍያ የለውም። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ) የሚቀበል ተቋም እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልዩነቱ ወዲያው ታየ። እናቴ ለእኔ «ደህና ነኝ» የምትለውን ሕመም ለማታውቃት ሴት ዘርዝራ ተናገረች።

ቀጥሎ የጠየቃት ጥያቄ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ «ድሮ ታደርጊው የነበረ፣ አሁን ያቃተሽ ምንድን ነው?» እናቴ ሳታመነታ «ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ቡና ማፍላት» አለች። አስተርጓሚዋ ትንሽ ተቸገረች፤ «አጭር መቀመጫ» አለችው። እርሱም የሕጻናት ወንበር መሰለው። ነገሩ ሲጠራ «በሚቀጥለው ይዛችሁልኝ ኑ» አለ። ወሰድንለት። ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ለካው፤ 11 ኢንች። ፋይሏ ላይ ጻፈው። ከዚያ የእናቴን ጉልበት በማዕዘን መለኪያ ለካ፤ ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ 78 ዲግሪ ይታጠፍ የነበረው ከሦስት ሳምንት በኋላ 84 ላይ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሲዘረጋ ነው፤ ቀጥ ሊል 12 ዲግሪ ይጎድለዋል።

«ቤት ውስጥ እግሯን የምታሳርፈው እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። በኩራት ነገርኩት። ጠያቂ ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት እናቶች ጭምር፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ እየደረቡ አንደላቀው እንዳስቀመጧት አወራሁለት። ፊቱ ተለወጠ። ከጉልበት ሥር የሚደረግ ትራስ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ነገር ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይለምዳል፤ መዘርጋትም ይሳነዋል። ትራሱ መሆን ያለበት ከተረከዟ ሥር ነው፤ ጉልበቱ በአየር ላይ ሆኖ በክብደቱ እንዲዘረጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በፍቅር ስንጎዳት ከርመናል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራስ ይዞ የሚጠጋትን ጠያቂ እናቴ ራሷ ትቆጣዋለች።

ሌላም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ሥራ ሳይጀምሩ ባቷን ዳሰሰና ቆመ። ከሌላኛው አበጥ ብሏል፤ ይሞቃል። የዚያን ዕለት አንድም እንቅስቃሴ አላሠራትም፤ ሐኪሟ ጋ ደውሎ በዚያው ቀን የደም ሥሯ በአልትራሳውንድ እንዲታይ አደረገ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ደግነቱ ምንም አልተገኘባትም። እኔ ግን ያን ዕለት ነው ፈቃድ ያለው እጅና የሌለው እጅ የሚለያዩበትን ያየሁት። ያኛው ወጣት ቢሆን ብስክሌት ላይ ያወጣት ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ሳምንት ሄድን። ሁልጊዜ እርሱ ራሱ ነው የሚያያት፤ አንድ ቀን ሲቀር የተካው ረዳት ፒቲኤ መሆኑን አስቀድሞ ነገረን። ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት ጀመረች፤ በየሳምንቱ መቀመጫው ዝቅ ይላል። ከአስተርጓሚዋ ተምሮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ በአማርኛ ይቆጥርላታል፤ ስድስት ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ እናቴም «ልጄ፣ ስድስትን ዘለልካት፣ ለእኔ ቁጠርልኝ» ትለዋለች። በግንቦት መጨረሻ ጉልበቷ 118 ዲግሪ ታጠፈ፤ ሲዘረጋ የሚጎድለውም ሁለት ብቻ ሆነ።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ስሙ እዚህ እንዳይጻፍ ስለጠየቀኝ በግል መልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ የክሊኒኩን ስምና ስልክ እልካለሁ። እርሱ ባይደርሳችሁም የትኛውም ክሊኒክ ስትደውሉ «የሚያየኝ ማን ነው? ፈቃድ አለው? በአንድ ሰዓት ስንት ሰው ያያል?» በሉ። የሚያፍር ወይም የሚያድበሰብስ ካለ ስልኩን ዝጉ። ሜዲኬር ያላችሁ ደግሞ «ይህን ያህል ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ከዚያ ያቆማል» በሚለው ወሬ አትደናገጡ፤ የቆየው ዓመታዊ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሥቷል፤ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን ቴራፒስቱ በሰነድ ማሳየት ነው የሚጠበቅበት። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሳችሁ ከምትከፍሉት መነሻ ክፍያ በኋላ ሃያ በመቶው ግን በእናንተ ላይ ነው፤ ሌላ ተጨማሪ መድን ከሌላችሁ አስቡበት።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ሰውየው ይሉኝታ የለውም። ቤት ውስጥ ያልሠራችሁትን ያውቅባችኋል፤ እናቴ በሁለተኛው ሳምንት ዋሽታው ጉልበቷን እንደለካ ተነቃባት።

ዱካዋ እዚያው ክሊኒክ ቀርታለች። በመጨረሻው ቀን ልንወስዳት ስንል ሌላ ኢትዮጵያዊት እናት ገና በስምንተኛው ሳምንቷ እየተለማመደችባት ስለነበር እናቴ «ተዋት፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ» አለች። ገዝተናል፤ አዲሷ ግን አንድ ኢንች ታጥራለች፤ እናቴም ለጊዜው ትራስ ደርባባት ነው የምትቀመጠው።