በልብ ፓምፕ ለሚኖር ሰው የገዛሁት የእጅ ዶፕለር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለአባቴ የገዛሁት ባለ 8 ሜጋኸርዝ የእጅ ዶፕለር (በደም ሥር የሚፈሰውን ደም በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ወራት ሙሉ ያለ እንከን ሲያገለግለን ቆይቶ በቅርቡ አንድ ቀን የደም ግፊታቸውን 104 አሳየን። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ከሰማንያዎቹ ብዙም አይርቅም ነበር። አባቴ ውጭ አገር ሳሉ ሃርትሜት 3 የተባለው የግራ ልብ አጋዥ ፓምፕ ተገጥሞላቸው ወደ ድሬዳዋ የተመለሱ ሰው ናቸው። እንደ እሳቸው ላለ ታካሚ የደም ግፊት ሲጨምር ፓምፑ የሚገፋው ደም ይቀንሳል፣ የስትሮክ አደጋም ይጨምራል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቁጥር በዝምታ ማለፍ አይቻልም።

ዶፕለሩን በመግዛቴ ግን አሁንም አልጸጸትም። ከዚራ አካባቢ ያነጋገርኩት ሻጭ ክንድ ላይ ታስሮ በራሱ የሚነፋውን ዲጂታል መለኪያ «ለማንም ሰው ይሠራል» እያለ አጥብቆ ተከራክሮኝ ነበር። አይሠራም! ፓምፑ ደሙን ያለማቋረጥ ስለሚገፋው የደም ሥር ትርታ ይደበዝዛል፤ ትርታን ተከትሎ የሚለካ መሣሪያም ብዙ ጊዜ ስህተት ብሎ ይቆማል ወይም የማይታመን ቁጥር ይሰጣል። ሻጩ ቀጥሎ ያወጣልኝ የነፍሰ ጡር ዶፕለር ደግሞ በ2 ወይም በ3 ሜጋኸርዝ ጠለቅ ያለውን ለማዳመጥ የተሠራ እንጂ ከቆዳ ሥር ላለ የክንድ ደም ሥር የሚሆን አይደለም። የእኛ አሠራር ቀላል ነው፦ ዶፕለሩን ደም ሥሩ ላይ አድርገን ክንዱን በሚታሰረው የግፊት መለኪያ የደሙ ድምፅ እስኪጠፋ አጥብቀን፣ አየሩን ቀስ እያልን ስንለቅ የደሙ ሹክሹክታ የተመለሰበትን ቁጥር እንመዘግባለን። የድሬዳዋ ሙቀት ቆዳው ላይ የምንቀባውን ጄል ቶሎ ያደርቀዋል፤ ከዚህ ሌላ የምነቅፈው ነገር የለኝም።

የምነቅፈው መሣሪያውን የሸጠልኝን የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ «አማካይ ግፊቱን በትክክል ይነግርዎታል» ብሎኝ ነበርና። ይህ እውነት የሚሆነው ትርታው እጅግ ደካማ ሲሆን ነው። ትርታ በግልጽ ሲኖር ግን ዶፕለሩ የሚይዘው ቁጥር ከአማካዩ ይልቅ ወደ ላይኛው ግፊት ይጠጋል። በዚያ ቀን የአባቴን አንጓ ስዳስስ ትርታ አገኘሁ፤ የልብ ሐኪሙም በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲያዩ ደም ከልብ ወደ ዋናው ደም ሥር የሚወጣበት የአኦርታ ቫልቭ በየምቱ ይከፈት ነበር። እንግዲህ 104 የተባለው አማካይ ግፊት አልነበረም፤ የአባቴ የራሳቸው ልብ ከፓምፑ ጎን ደም እየገፋ መሆኑን የሚጠቁም ነበር።

እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሐኪሙ ግን ቆጠብ አሉ። ትርታ የፓምፑ ፍጥነት ለታካሚው ዝቅ ሲልም፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበዛም ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ፓምፕ ደግሞ በየ2 ሰከንዱ ፍጥነቱን ዝቅና ከፍ ስለሚያደርግ ከራሱም የሚመጣ ትርታ አለ። በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው የደም ፍሰት መጠንም ቢሆን ከፍጥነቱና ከሚወስደው ኃይል የሚሰላ ግምት ነው። የልቡን አቅም በእርግጥ ለመመዘን የፓምፑን ፍጥነት ደረጃ በደረጃ እየቀያየሩ የግራውን የልብ ክፍል ስፋት፣ የመካከለኛውን ግድግዳ አቀማመጥና የቫልቩን አከፋፈት በኢኮ መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህም የሚወስዱት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት መጠን አስቀድሞ ተረጋግጦ በሠለጠነ ቡድን የሚደረግ ምርመራ በመሆኑ ፓምፑን ለገጠመው ማዕከል ትተነዋል።

ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን ከቁጥሩ ጎን ትርታ መኖር አለመኖሩን እጽፋለሁ። ዶፕለሩ ነገ ቢሰበር ያንኑ ዓይነት መልሼ እገዛለሁ፤ «በትክክል ይነግርዎታል» ካለኝ ነጋዴ ግን አይደለም።