የኪሚኮ ካሳይ «ባተርፍላይ» ሸክላ፣ ከወራት በኋላ

ይሄን ሸክላ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየሰማሁት ነው፣ ሪቪውውን ሆን ብዬ አቆየሁት ምክንያቱም ስሎው የበዛበት አልበም መጀመሪያ ሲሰማ ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ዋናው ነገር ከወራት በኋላም መርፌውን ታስቀምጥበታለህ ወይ የሚለው ነው። እኔ አሁንም አስቀምጥበታለሁ፣ ያውም ከበፊቱ በበለጠ።

ለማታውቋት ኪሚኮ ካሳይ የኪዮቶ ልጅ ናት፣ 1945 የተወለደች የጃዝ ዘፋኝ። 1971 ላይ ከአሜሪካዊው ፒያኒስት ማል ዋልድሮን ጋር ለጃዝ ዘፋኟ ለቢሊ ሆሊደይ መታሰቢያ የሚሆን አልበም ሰርታለች፣ ማል ዋልድሮን ደግሞ ቢሊ በመጨረሻ ዓመታቷ ስትዘፍን ፒያኖ የሚጫወትላት ሰውዬ ነው። ስለዚህ 1979 ቶኪዮ ውስጥ «ባተርፍላይ»ን ለመቅዳት ከአሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ኸርቢ ሀንኮክ ጋር ስቱዲዮ ስትገባ ጀማሪ አልነበረችም። ይሄን አልበም ሲቢኤስ ሶኒ የሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው ያወጣው፣ በዚህ የተነሳ ለብዙ ዓመታት ሰብሳቢዎች ብቻ የሚያውቁት ሸክላ ሆኖ ቆየ፣ 2018 ላይ እንደገና ሲታተም ነው እንደኔ አይነቱ ሰው እጅ የገባው።

ባንዱ ከባድ ነው። ኪቦርድ ላይ ራሱ ሀንኮክ፣ ባስ ፖል ጃክሰን፣ ፐርከሽን ቢል ሰመርስ፣ ሳክስፎን ቤኒ ሞፒን፣ ሶስቱም ከሀንኮክ ጋር 1973 ላይ «ኸድ ኸንተርስ» የሚባለውን አልበም የሰሩ ናቸው፣ ድራም ደግሞ አልፎንስ ሙዞን። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሰው ሸክላውን የሀንኮክ አልበም አድርጎ የሚያወራው፣ እሷን እንደ እንግዳ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። እዚህ ካሉት ዜማዎች አንዳንዶቹ መጀመሪያ ሲሰሩ ግጥም አልነበራቸውም፣ ለመሳሪያ ነው የተደረሱት፣ ኖታው ረጅም ነው፣ መተንፈሻ ቦታውም ለሰው ተብሎ የተተወ አይደለም። እዛ ውስጥ ገብቶ እንደ ዘፈን እንዲሰማ ማድረግ የሷ ስራ ነው፣ ማንም አልሰራላትም።

ሁለተኛውን ገጽ የሚከፍተውን «ሃርቨስት ታይም»ን ልንገራችሁ። ሀንኮክ 1978 ጥቅምት ላይ እዛው ቶኪዮ ፒያኖ ብቻውን የቀዳው አልበም አለ፣ በቴፕ ሳይሆን በቀጥታ ሸክላው ላይ እየተቀረጸ ነው የተቀዳው፣ ማለትም ተሳሳትኩ ብሎ ቆርጦ መቀጠል የለም፣ አንድ ገጽ ሙሉ ሳያቆሙ መጫወት ነው። ይሄ ዜማ እዛ ላይ ነበር፣ ያለ ድምፅ። ኪሚኮ ስትዘፍነው ምን እንዳደረገች ለማወቅ ሁለቱን አከታትዬ ሰማኋቸው፣ በፒያኖው ላይ ዜማው የሚያመነታ ይመስላል፣ ይሄዳል ይቆማል፣ እሷ ግን ቀስ ብላ አንድ ላይ አያያዘችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። እኛ አገር ዘፋኝ ቅላጼ ሲያበዛና ድምፁን ሲያወዛውዝ ነው ልባችን የሚነካው፣ እኔም እንደዛ ነው ያደግኩት፣ ኪሚኮ ግን ኖታውን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ አትጫነውም አታስጌጠውም፣ ከስሯ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች) ሲቀያየር ያው አንድ ድምፅ በየሰከንዱ ሌላ ስሜት ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሄ ቅዝቃዜ መስሎኝ ነበር እላችኋለሁ፣ እየቆየ ሲሄድ ግን አልበሙን የማያሰለች ያደረገው ይሄው ራሱ እንደሆነ ገባኝ። ከመጠን በላይ ስሜት የሚፈስበት ስሎው ሶስት ጊዜ ይሰማና ያልቃል፣ ይሄ አላለቀም።

የአልበሙ ስም የወጣባት «ባተርፍላይ» ሀንኮክና ቤኒ ሞፒን የደረሷት ናት፣ 1974 ላይ ያለ ግጥም ወጥታ ነበር። ግጥሙን የጻፈችው የሀንኮክ እህት ጂን ሀንኮክ ናት፣ ጂን 1985 ላይ ዳላስ ውስጥ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ነው የሞተችው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ዘፈኗን በበፊቱ ጆሮ መስማት አልቻልኩም፣ ወንድም ዜማውን እህት ቃሉን ሰጥታው አንዲት የኪዮቶ ሴት በለስላሳ ድምፅ ስትዘፍነው፣ በቃ ሌላ ነገር ነው።

ባለቤቴ ጃዝ አትወድም፣ ቤት ውስጥ ከአስቴር ውጪ ብዙም አታስከፍትም፣ ግን ማታ ማታ «እስቲ ያቺን ጃፓኗን ክፈታት» ማለት ጀምራለች፣ ሁሌም የምትፈልገው ይሄንኑ ሁለተኛውን ገጽ ነው።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። የመጀመሪያው ገጽ መክፈቻ «አይ ቶት ኢት ዋዝ ዩ» ለጭፈራ የሚሆን ፈንክ ነው፣ ዲጄዎች የሚወዱት እሱን ነው፣ ለኔ ግን ከሷ ይልቅ ባንዱ የሚታይበት ዘፈን ነው። «ሰንላይት»ም እንደዛው፣ ሁለቱም ሀንኮክ 1978 ላይ በቮኮደር፣ ማለትም የሰውን ድምፅ እንደ ሮቦት በሚያሰማ መሳሪያ፣ የዘፈናቸው ናቸው፣ እዚህም ጥላቸው አልለቀቀም። «ሜይደን ቮዬጅ» ግን ድንቅ ነው፣ 1965 ላይ የወጣው ኦሪጅናሉ መድረሻ ላይ የማያርፉ ኮርዶች ነው ያሉት፣ እሷም ሳታርፍ ነው የምትዘፍነው፣ ሙሉ ጊዜ ውሃ ላይ እንዳለህ ነው የሚሰማህ። መዝጊያው የስቲቪ ዎንደር «አዝ» ነው፣ የሚገርመው 1976 በወጣው በስቲቪ ቅጂም ኪቦርድ የተጫወተው ራሱ ሀንኮክ ነው። የስቲቪው እያደገ እያደገ ሄዶ ቤተክርስቲያን ይሆናል፣ የሷ ቀለል ያለ ነው፣ እኔ የስቲቪውን እመርጣለሁ፣ ግን ከዛ ሁሉ ስሎው በኋላ ሲመጣ ደስ ይላል።

ስለ ሸክላው ራሱ፣ ድምፁ ንጹህ ነው፣ ዝግ ባሉት ዘፈኖች መሃል መንጫጫት የለም፣ በየጊዜው በብሩሽ አጸዳዋለሁ፣ እስካሁን አንድም ቦታ አልዘለለም። የሸጠልኝ ሱቅ በስስ ካርቶን ስለላከው የሽፋኑ ጥግ ተጣጥፎ ነው የደረሰኝ፣ ጽፌላቸው መልስ አልሰጡኝም፣ ስለዚህ ስትገዙ አስተሻሸጉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው የስፒከር ነገር ነው፣ በትንሽ ስፒከር ወይም በስልክ ከሰማችሁት የፖል ጃክሰን ባስ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ባሱ ሲጠፋ ደግሞ የኪሚኮ ድምፅ የሚደገፍበት ያጣና ቀጭን ይመስላል፣ ጥሩ ስፒከር ከሌላችሁ በኢርፎን ስሙት።

መግዛት ለምትፈልጉ የ2018ቱ ህትመት በቂ ነው፣ ኦሪጅናሉን ፍለጋ ብዙ ብር አታውጡ። ሞቅ ያለ የፓርቲ ሙዚቃ የምትፈልጉ ግን ሁለት ሶስት ዘፈን ብቻ ነው የምታገኙበት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሩ፣ «ሃርቨስት ታይም» ካልያዛችሁ ሌላውም አይይዛችሁም። እኔ ቀጥዬ ከማል ዋልድሮን ጋር የሰራችውን የ1971ዱን ነው የማዘው፣ በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ድምጿ ምን ይመስል እንደነበር መስማት እፈልጋለሁ።