ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ከወራት በኋላ፦ ድምሩን ይነግራችኋል፣ ሰዓቱን ግን እናንተ ያዙ

«ሲስተሙ ዛሬ ተንቀራፈፈ» ሲባል ዳታቤዙን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የዚያችን ደቂቃ ሁኔታ ብቻ ነው። እሱ እስኪደርስ ጫናው አልፎ ሁሉም ሰላም ነው። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ (pg_stat_statements) የሚባለውን፣ ኩዌሪዎችን (ለዳታቤዙ የሚላኩ ጥያቄዎችን) የሚቆጥር የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ያስገባሁት በዚህ ተማርሬ ነው። ወራት አለፉ፤ የምነቅለው አይመስለኝም። ብቻውን ይበቃል የሚላችሁን ሰው ግን አትመኑ።

ዋጋው ነጻ ነው፤ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ይመጣል። የሚያስከፍላችሁ አንድ ሪስታርት ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ አብረው በሚጫኑ ላይብረሪዎች ዝርዝር ውስጥ ካልገባ አይሠራም። ቀን ከሌት ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሲስተም ይህን ማስፈቀድ ከቴክኒኩ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ኩዌሪዎች ውስጥ ያሉትን ቋሚ ዋጋዎች (ለምሳሌ ቁጥርና ስም) አውጥቶ፣ ቅርጻቸው አንድ የሆኑትን በአንድ መስመር ይሰበስባል። እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ በጠቅላላ ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደ፣ ስንት ረድፍ እንደመለሰ ይይዛል። በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው የቆዩ ስክሪፕቶች ላይሠሩላችሁ ይችላል፤ ከፖስትግሬስ ቨርዥን 13 ጀምሮ የጊዜ ኮለሞቹ ስም ተቀይሯል።

ዋናው ጉድለቱ የሚይዘው ድምር መሆኑ ነው። ልክ እንደ መብራት ቆጣሪ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ትናንት ከሰዓት ምን ነበር ብትሉት አያውቅም።

እኔ ጋ በየአምስት ደቂቃው የሚነሳ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር ፕሮግራም) ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ወደ ሌላ ቴብል ይገለብጣል። ከዚያ ላግ በሚባለው ፈንክሽን ካለፈው ንባብ ይቀነሳሉ፤ ልዩነቱ ግራፋና በሚባለው የግራፍ መሣሪያ ላይ ይሳላል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ቆጣሪው ተሰርዞ ከዜሮ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያንን ንባብ ጣሉት። የኩዌሪውን ጽሑፍ በየዙሩ አትገልብጡ፣ ቴብሉ ያብጣል። መለያ ቁጥሩ ይበቃል።

ግራፉ መሳል ሲጀምር ጥርጣሬዬ ሁሉ ገደል ገባ። ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው የወር መጨረሻ ሪፖርቱ ላይ ነበር፤ ሲጠራ ብዙ ሰከንድ ይወስዳላ። ግራፉ ላይ ግን ቀጭን ክር ነው። ሰፊውን ቦታ የያዘችው ያልተነበቡ መልእክቶችን የምትቆጥር አንዲት ሚጢጢ ኩዌሪ ነበረች። አንዱ ጥሪ ከአንድ ሚሊሰከንድ ብዙም አይዘልም። ነገር ግን የተከፈተ ገጽ ሁሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይጠራታል፤ ሰውየው ሌላ ታብ ላይ ሆኖም ቢሆን። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ትነሳለች፣ ምሳ ሰዓት ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ማታ ትሞታለች። ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) መጨመር ምንም አይጠቅማትም ነበር፤ ዴቨሎፐሮቹ ገጹ ሲደበቅ መጠየቁን እንዲያቆም አደረጉ፣ መስመሩም በዚያው ቀን ወረደ። ስለዚህ በአማካይ ጊዜ ሳይሆን በጠቅላላ ጊዜ ደርድሩ።

ቅሬታም አለኝ። ፐርሰንታይል (ለምሳሌ ከመቶው ጥሪ 99ኙ ከስንት ሚሊሰከንድ በታች እንዳለቁ) የለውም፤ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ፣ አማካይና የስርጭት መጠን ብቻ ነው የሚሰጠው። ከመቶ አንዱ ተጠቃሚ ሲሰቃይ አማካዩ ይሸፍነዋል። በነባሪ የሚይዘው 5000 የኩዌሪ ዓይነት ነው፤ ሲሞላ ብዙም ያልተጠሩትን ይጥላል። «ኢን» (ከዝርዝር ውስጥ አንዱን የሚፈልግ የኩዌሪ ክፍል) ውስጥ የተለያየ ብዛት ያላቸውን ዝርዝሮች የሚልክ ፕሮግራም ካላችሁ ቶሎ ይሞላል፣ እያንዳንዱ ርዝመት እንደ አዲስ ኩዌሪ ይቆጠራልና። ቨርዥን 18 ይህን አስተካክሏል። ከዚያ በታች ላይ ከሆናችሁ ዝርዝሩን እንደ አሬይ (ሁሉንም እንደ አንድ ዋጋ አድርጋችሁ) ላኩት። ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ የዳታቤዝ ዩዘር የሚገባ ከሆነ ጫናው ከየትኛው እንደመጣ አይለይላችሁም፤ ዩዘሮቹን ለዩ።

በጣም ያናደደኝ ሌላ ነው። የሚቆጥረው ጨርሶ የወጣውን ኩዌሪ ብቻ ነው። በታይምአውት (የጊዜ ገደቡን አልፎ) የተቋረጠ ኩዌሪ ዲስኩን ሲያምስ ቆይቶ እዚህ ውስጥ ስሙ የለም። ሲፒዩው ጣሪያ ነክቶ ግራፉ ጸጥ ካለ ሎጉን (ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ) ክፈቱ፤ የተቋረጡት እዚያ ከነጽሑፋቸው እንደ ስህተት ተመዝግበዋል። አሁን የስህተቶቹን ብዛት ከግራፉ ሥር በሌላ ቀለም አስገብቼዋለሁ።