የአሮጌ ፒክአፕ ሞተር፦ ማሳደስ ወይስ መቀየር?

ሱሉልታ ላይ ሣር የሚያመላልስ አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ሞተሩ ሲደክም ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ ያለውን አውርዶ ማሳደስ፣ ወይም መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር መግዛት።

ኪሱ ለሳሳ ሰው እኔ የማዳላው ለማሳደሱ ነው። አሮጌ ሂሉክሶች ላይ የሚገኘው፣ 3ኤል የሚባለው የ2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ብሎኩ ጠንካራ ብረት ነው፤ ሲሊንደሩ ቢበላ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ውስጡ ሰፍቶ፣ ልኩ ከፍ ያለ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይገባለታል። ዋናው ጥቅም ግን ወጪው መከፋፈሉ ነው፤ ዛሬ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይፈተሻል፣ ገንዘብ ሲገኝ ፋሻው ይገዛል። እስከዚያ መኪናው ቆሞ ይከርማል፤ በዕለት ገቢ ለሚያድር ይህ ቀላል አይደለም።

ያገለገለው ፈጣን ነው፤ ውስጡ ግን አይታይም። ታጥቦ ቀለም የተቀባውን ከማመን የዘይት መክደኛውን ከፍቶ ማየት ይሻላል፤ ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውኃ ከዘይቱ ተቀላቅሏልና ሻጩን አመስግኖ መሄድ ነው። በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር መስተካከል አለበት፤ ሰነድ የሌለው ሞተር ቢረክስም ይቅርብኝ።

ከሁለቱም በፊት ግን ጭሱ ይታይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁሩ ያሳስታል፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ናፍጣውም በሙሉ አይቃጠልም። የአየር ማጣሪያውን ቀይሮ፣ የናፍጣ ፓምፑን ለከፍታው አስተካክሎ የእንጦጦን ዳገት የሞከረ ሰው ሞተር ማውረዱ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል።